ጆሮ ያለው መብራት

በየሠርግ አዳራሹና በየጸጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ከዘፈኑ ጋር ብልጭ ድርግም የሚል የሚመስለው ስትሪፕ ላይት ብዙ ጊዜ ዘፈኑን አይሰማም። መፈተን ከፈለጉ አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀምር ያለችውን ፋታ ይጠብቁ። መብራቱ በዚያች ጸጥታ ውስጥም እንደ ቅድሙ መጨፈሩን ከቀጠለ፣ ውስጡ ያለው ከፋብሪካ የተጻፈለት የማይለወጥ ዙር ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ጨለማ፣ እንደገና ቀይ። ከዘፈኑ ጋር የሚገጥመው በአጋጣሚ ነው። ሁለቱን የምናስታርቃቸው እኛ ነን፤ ሰው ዓይኑና ጆሮው በአንድ ጊዜ ሲነኩ ምክንያቱ አንድ ነው ብሎ ለማመን ይቸኩላል። የገጠመውን ያስታውሳል፣ ያልገጠመውን ይረሳል።

ይህ ምዕራፍ ስለ ሌላኛው ዓይነት፣ በእውነት ስለሚሰማው መብራት ነው። እንዲህ ያለውን ለመሥራት የሚያስፈልገው ዕቃ ርካሽ ነው፤ ፕሮግራሙም በነጻ ይገኛል። ይሁንና ብዙ ሰው ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ደስ አይለውም። መብራቱ ይሰማል፣ ይበራል፣ ይጠፋል፤ ግን ከዘፈኑ ጋር የሚጨፍር ሳይሆን ሽቦው የላላ ይመስላል። ምክንያቱ አንድ ነው፦ ማብራት የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ መቼ እንዳይበራ መወሰን ነው። ለሁሉም ድምፅ የሚበራ መብራት ለአንዱም እንዳልበራ ይቆጠራል።

ድምፅን በቀለም የማሳየት ምኞት ከኤሌክትሪክ ይቀድማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሉዊ በርትራን ካስቴል የሚባል ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ ጣት ቁልፉን ሲጫን ከድምፁ ጋር ቀለም ብቅ የሚልበት «ለዓይን የሚሆን» ሃርፕሲኮርድ አስቦ ዕድሜውን በዚያ ላይ ፈጀ። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ አሌክሳንደር ስክሪያቢን እ.ኤ.አ. በ1910 በጨረሰው «ፕሮሜቴየስ» በተሰኘ ሥራው፣ ለቫዮሊንና ለመለከት እንደሚጻፈው ሁሉ ለብርሃንም ራሱን የቻለ መስመር ጻፈለት። እ.ኤ.አ. በ1915 በኒውዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ ሲቀርብም በብርሃን ታጅቦ ነበር። በእነዚህ ሁሉ የሚወስነው የሰው ጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ግን ፈረንጆቹ በየዳንስ ቤቱ የተከሏቸው ሣጥኖች ድምፁን በኮንደንሰርና በጥቅል ሽቦ ወፍራም፣ መካከለኛና ቀጭን ብለው ለሦስት እየከፈሉ እያንዳንዱን ለአንድ ቀለም አምፖል ሰጡት። ውሳኔው ከጣት ወደ ሰርኪውት ተሻገረ።

የዚያ ዘመን አምፖል ማንም ያላሰበለት አንድ ጸጋ ነበረው፤ ስንፍና። ክሩ ግሎ ለመብራትም፣ ቀዝቅዞ ለመጥፋትም ጊዜ ይወስዳል። ከበሮው ሲመታ ብርሃኑ ይነሣል፣ ምቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ይሞታል፤ ልክ የከበሮው ድምፅ ራሱ እንደሚሞተው። የዛሬው ስትሪፕ የተሠራበት ኤልኢዲ ይህ የለውም። የሚበራውና የሚጠፋው በሴኮንድ ሚሊዮንኛና ከዚያም ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ዛሬ ጥሩ ፕሮግራም ከሚሠራቸው ነገሮች አንዱ፣ ድሮ ትኩስ ክር በተፈጥሮው ያደርግ የነበረውን በሒሳብ መልሶ ማምጣት ነው። ወደዚህ እንመለሳለን።

የኤልኢዲን ታሪክ በአጭሩ እንለፈው። በዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኒክ ሆሎኒያክ እ.ኤ.አ. በ1962 በጄኔራል ኤሌክትሪክ ሠራ። ደማቅ ሰማያዊ እስኪገኝ ግን ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀ፤ ለዚያ ሥራ ሦስት የጃፓን ተወላጆች፣ አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ፣ እ.ኤ.አ. የ2014ን የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ሰማያዊው ባይገኝ ኖሮ ቀይና አረንጓዴ ብቻ ቀላቅለን ነጭ አናገኝም ነበር፤ ይህ ምዕራፍም አይጻፍም ነበር።

ገበያ ላይ ያለው ስትሪፕ ሦስት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው በቀጥታ ከ220 ቮልት የሚሠራው፣ በላስቲክ የተሸፈነው ረጅም ጥቅል ነው። እርሱን ለዚህ ሥራ ይተዉት፤ ሲቆርጡትም ሲበይዱትም እጅዎ ያለው ገዳይ ኮረንቲ ላይ ነው። ሁለተኛው ባለ 12 ቮልትና ባለ አራት ሽቦ ነው። ጥቅሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል፤ ግማሹን ቀይ፣ ግማሹን ሰማያዊ ማድረግ አይቻልም። ሦስተኛው ውስጡ ጥቃቅን ቺፕ ያለው ነው፤ በብዛት የሚታወቀው ደብልዩኤስ2812ቢ የተባለው ባለ 5 ቮልት ነው። እዚህ እያንዳንዱ ነጥብ ለብቻው ይታዘዛል።

አሠራሩ የሚያስደንቅ ቀላልነት አለው። ሦስት መቶ መብራት ለየብቻ ለማዘዝ ሦስት መቶ ሽቦ አያስፈልግም፤ አንዲት የመረጃ ሽቦ ትበቃለች። ትእዛዙ በአንድ ጫፍ ይገባል። በድግስ ላይ ሌማት ሲቀባበሉ እያንዳንዱ ድርሻውን አንሥቶ ቀሪውን ለጎረቤቱ እንደሚያሳልፍ፣ የመጀመሪያው ቺፕ ከፊት ያሉትን 24 ቢቶች ለራሱ ያስቀርና የተረፈውን ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ስምንቱ ለአረንጓዴ፣ ስምንቱ ለቀይ፣ ስምንቱ ለሰማያዊ ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ቀለም ከ0 እስከ 255 ደረጃ አለው። አንዱ ቢት የሚፈጀው 1.25 ማይክሮ ሴኮንድ ነው። ለአንድ መብራት 30፣ ለሦስት መቶው 9,000 ማይክሮ ሴኮንድ ማለት ነው። ሙሉውን ስትሪፕ በሴኮንድ ከመቶ ጊዜ በላይ እንደ አዲስ መቀባት ይቻላል።

መብራቱ የሚያስቸግረው ግን ብዙ ጊዜ በሙዚቃ ሳይሆን በኮረንቲ ነው። አንዱ ነጥብ ሦስቱም ቀለሞቹ በሙሉ ኃይል ሲበሩ እስከ 60 ሚሊ አምፔር ይስባል። በሜትር 60 መብራት ያለው የአምስት ሜትር ጥቅል ሦስት መቶ ነጥብ አለው፤ ሙሉ ነጭ ሲሆን 18 አምፔር፣ 90 ዋት ይጠይቃል። ባለ 2 አምፔር የስልክ ቻርጀር ከዚህ ውስጥ የሚችለው 33 ያህሉን ነው። በፕሮግራሙ የብርሃኑን ጣሪያ ዝቅ ማድረግ ያድናል፤ ከዚያ ውጭ ሁነኛ አዳፕተር መግዛት ነው። ሌላ ምልክት አለ፦ ነጭ የታዘዘው ስትሪፕ ከመግቢያው ነጭ ሆኖ ወደ ጫፉ ሲሄድ ብርቱካናማ እየሆነ ከመጣ፣ ቮልቱ መንገድ ላይ እያለቀ ነው። ሰማያዊውና አረንጓዴው 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋሉ፤ ቀዩ በ2 ይረካል። ስለዚህ ሲጎድል ሰማያዊው ቀድሞ ይደክማል፣ ቀዩ ይቀራል። መፍትሔው የ5 ቮልቱን ሽቦ በሁለቱም ጫፍ ማስገባት ነው።

አእምሮውን በተመለከተ፣ ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ኢኤስፒ32 የተባለውን ርካሽ ሰሌዳ ነው። ዋይፋይ አለው፣ ሒሳብም ይችላል፤ ደብልዩኤልኢዲ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከጫኑበት አንድ መስመር ሳይጽፉ ከስልክዎ ያዙታል። አንድ ወጥመድ ብቻ ልጠቁም። ሰሌዳው የሚናገረው በ3.3 ቮልት ነው። በ5 ቮልት የሚሠራው ቺፕ ደግሞ በመመሪያው መሠረት «አዎ» ብሎ የሚቀበለው ከ3.5 ቮልት ጀምሮ ያለውን ነው። ሽቦው አጭር ከሆነ ብዙ ጊዜ ያልፋል፤ ሲረዝም ግን ስትሪፑ ያልታዘዘውን ቀለም ይተፋል፣ ባለቤቱም ፕሮግራሙን ይረግማል። በመካከል ቮልት ከፍ የሚያደርግ ትንሽ ቺፕ ማስገባት፣ የሰሌዳውንና የስትሪፑን ኔጋቲቭ ሽቦ ማገናኘት፣ ነገሩ አለቀ።

አሁን ወደ ጆሮው። ድምፁን በሁለት መንገድ መቀበል ይቻላል፤ ከሙዚቃው ማጫወቻ በሽቦ፣ ወይም በማይክ። በሽቦ የመጣው ንጹሕ ነው፤ የሚሰማው ዘፈኑን ብቻ ነው። ማይኩ የሳህኑን ኳኳታ፣ የሰውን ወሬ ሁሉ ይሰማል። ይህን እያዩ ሽቦውን የሚመክሩ ብዙ ናቸው። ለስቱዲዮ እስማማለሁ። ለሠርግ ግን ማይኩን እመርጣለሁ፤ እልልታውና ጭብጨባው ከሙዚቃው ውጭ ያሉ ነገሮች አይደሉም፣ ሽቦው ደግሞ ሁለቱንም አይሰማም።

ማይክ የራሱ ጣጣ አለው። አንዳንዶቹ ድምፁ ሲቀንስ ራሳቸው የሚያጎሉ ናቸው። ሰው ሲያወራበት ጥሩ ነው፤ ዘፈን ሲቆም ግን ማይኩ ጸጥታውን እያጎላ እያጎላ ሄዶ የማራገቢያው ድምፅ እንኳ መብራቱን ያስጨፍረዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚስተካከለው ወለሉ ነው፤ ክፍሉ ጸጥ ሲል ማይኩ የሚሰጠውን ቁጥር ማየት፣ ከዚያ በታች ላለው ሁሉ መብራቱ እንዳይነቃነቅ ማዘዝ። ጸጥታን ማክበር የማይችል መብራት ሙዚቃንም አያከብርም።

ማይኩ የሚሰጠን በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚለካ የአየር ግፊት ነው፤ በሲዲ ደረጃ 44,100 ጊዜ። ከዚህ የቁጥር ጎርፍ ቤዙን ከዘፋኙ ድምፅ እንዴት እንለያለን? መንገዱን የጠረገው ሙዚቀኛ አይደለም። ጆሴፍ ፉሪየ ከናፖሊዮን ጋር ግብፅ የዘመተ ፈረንሳዊ ሊቅ ነው፤ ሙቀት በብረት ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ሲያጠና ማንኛውንም ውስብስብ ሞገድ የቀላል ሞገዶች ድምር አድርጎ ማየት እንደሚቻል አሳየ፣ እ.ኤ.አ. በ1822ም መጽሐፉን አሳተመ። ችግሩ የሒሳቡ ብዛት ነበር። 1,024 ናሙናዎችን በቀጥታው መንገድ ለመተንተን አንድ ሚሊዮን ገደማ ማባዛት ይጠይቃል። ኩሊና ቱኪ የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት አቋራጭ ይህን ወደ አሥር ሺህ ገደማ አወረደው። ዛሬ በጣት ላይ የሚቀመጥ ሰሌዳ ይህን በሴኮንድ ደጋግሞ ይሠራዋል።

ነገር ግን የማይታለፍ ድርድር አለ። 1,024 ናሙና ለመሰብሰብ 23 ሚሊ ሴኮንድ ይፈጃል፤ የሚገኘው ትንታኔም ድምፆችን በ43 ኸርዝ ልዩነት ብቻ ይለያል። የበለጠ ጥራት ፈልገን 4,096 ብንሰበስብ ልዩነቱ ወደ 11 ኸርዝ ይጠብባል፤ መጠበቂያው ግን ወደ 93 ሚሊ ሴኮንድ ይረዝማል። ድምፁ ምን እንደሆነ በትክክል ማወቅና ቶሎ ማወቅ አብረው አይሄዱም። ለመብራት ቶሎ ማወቁ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ትንታኔው ከ1,024ቱ ናሙናዎች የሚሰጠውን አምስት መቶ አሥራ ሁለት የድምፅ ክፍል በስትሪፑ ላይ እኩል እኩል ቢያከፋፍሉት፣ መጀመሪያ ያሉት ጥቂት መብራቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀለቀሉ ቀሪው ርዝመት ጨለማ ይሆናል። ከበሮውም፣ ቤዙም፣ ዘፋኙም አብዛኛውን ጉልበታቸውን የሚያኖሩት ከታች ነው። ጆሮ የሚቆጥረው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው፤ ከ100 ወደ 200 ኸርዝ የተሰማን ርቀት ከ1,000 ወደ 2,000 እኩል ነው። ስለዚህ ክፍፍሉ እያንዳንዱ ከበፊቱ እጥፍ እየሆነ መሄድ አለበት።

ከዚያ ውሳኔው ይመጣል። «ቤዙ ከዚህ ቁጥር ሲበልጥ ብራ» የሚለው ትእዛዝ አይሠራም፤ ዲጄው ድምፅ ሲጨምር መብራቱ በርቶ ይቀራል፣ ሲቀንስ ጠፍቶ ይቀራል። የተሻለው ዘፈኑን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። ያለፈውን አንድ ሴኮንድ የቤዝ ጉልበት አማካይ ይያዙ፤ የአሁኑ ቅጽበት ከዚያ አማካይ ለምሳሌ በ1.3 እጥፍ ከበለጠ ምት ነው ይበሉ። ምት ከታወቀ በኋላ ደግሞ ለ150 ወይም ለ200 ሚሊ ሴኮንድ ጆሮውን ይድፈኑት፤ አለበለዚያ አንዱን የከበሮ ምት ሁለት ሦስት ጊዜ ይቆጥረዋል።

ከዚህ የረቀቁ ፕሮግራሞች አሉ፤ ቀጣዩ ምት መቼ እንደሚመጣ አስቀድመው የሚገምቱ። ብዙዎቹ የተሞከሩት በአራት በአራት በሚቆጠር የዳንስ ሙዚቃ ላይ ነው። ችክችካ ሲመጣባቸው ይቸገራሉ። ስድስቱን የችክችካ አጫጭር ምቶች ሁለት ጊዜ ሦስት አድርጎ መስማት ይቻላል፣ ሦስት ጊዜ ሁለት አድርጎም መስማት ይቻላል፤ የስልቱ ጣዕም ያለውም በዚያ መንታነት ውስጥ ነው። ማሽኑ አንዱን መርጦ ሲደርቅ መብራቱ ከጨፋሪው ትከሻ ይለያል። ለእንዲህ ያለ ዘፈን ግምቱን አጥፍቶ ለከበሮው ወፍራም ምት ብቻ መልስ የሚሰጥ ቀላል ፕሮግራም ይሻላል። ቀጭኑ ምት ደግሞ ለስትሪፑ ጠርዝ፣ ለጥቂት ነጥቦች ይሰጥ።

ትዝታ በማሲንቆ ሲመጣ ግን ይህም አይሠራም። ማሲንቆ በደጋን ስለሚሳብ ድምፁ ያብባል እንጂ አይፈነዳም፤ ምት ፈላጊው ፕሮግራም ምንም ሳያገኝ ይቀመጣል፣ ወይም የሌለ ምት ይፈጥራል። ለዚያ የሚስማማው ብርሃኑ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በዝግታ እንዲከተል ማድረግ ነው። ለሁሉም ዘፈን የሚሆን አንድ ማስተካከያ የለም።

አሁን ወደ ሰነፉ አምፖል እንመለስ። ጥሩው ደንብ ሲነሣ መፍጠን፣ ሲወድቅ መዘግየት ነው። ምት ሲመጣ ብርሃኑ ወዲያው ሙሉ ይሁን፤ ከዚያ በሴኮንድ 60 ጊዜ በሚታደሰው ምስል ላይ በየዙሩ በ0.9 ይባዛ። ከአሥር ዙር በኋላ፣ ማለትም በሴኮንድ ስድስተኛ ገደማ፣ ወደ ሲሶው ይወርዳል። ይህች አንዲት ማባዣ የላላ ሽቦ ይመስል የነበረውን መብራት ወደ ጨፋሪነት ትለውጠዋለች። ዓይን ደግሞ ብርሃንን እንደ መሣሪያ አይለካም። ከ255 ግማሹን፣ 128 ብለው ቢልኩ ግማሽ አይመስልም፤ ሙሉ ሊባል የደረሰ ይመስላል። ዓይን ግማሽ የሚለውን ለማግኘት 56 አካባቢ መላክ ያስፈልጋል። ይህ እርምት ካልተደረገ የመውደቂያው ውበት ሁሉ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ደረጃዎች ላይ ይከማችና መብራቱ በድንገት የሚጠፋ ይመስላል።

ስለ መዘግየት አንድ ነገር ልጨምር። ለቴሌቪዥን የወጣ ዓለም አቀፍ ምክረ ሐሳብ እንደሚለው፣ ድምፁ ከምስሉ 45 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ሲቀድም ሰው ያስተውላል፤ ድምፁ ሲዘገይ ግን እስከ 125 ገደማ አያስተውልም። መብረቁን አይተን ነጎድጓዱን መጠበቅ የለመድን ፍጡሮች ነን። ስለዚህ ከምቱ የቀደመ ብርሃን ይታለፋል፤ የዘገየ ብርሃን ግን ይታወቃል። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ ከስፒከሩ 17 ሜትር ርቆ የተቀመጠ እንግዳ ምቱን ከ50 ሚሊ ሴኮንድ በኋላ ነው የሚሰማው። ማይኩን ከስፒከሩ አጠገብ ያድርጉት። መብራቱ ድምፁን ከስልክ በሽቦ እየተቀበለ ስፒከሩ በብሉቱዝ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ሰው እስኪስቅ ድረስ ይቀድማል፤ ብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሚሊ ሴኮንድ በላይ ያዘገያል።

ቀለሙስ? ስክሪያቢንና የአገሩና የሙያው ሰው ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ሁለቱም ድምፅን በቀለም እንደሚያዩ ይናገሩ ነበር፤ ነገር ግን አልተስማሙም። ሲ ሜጀር ለአንዱ ቀይ፣ ለሌላው ነጭ ነበር። ቤዝ ቀይ፣ ቀጭን ድምፅ ሰማያዊ የሚለው ልማድም ልማድ ብቻ ነው። ለአንድ ዘፈን ሁለት ወይም ሦስት ቀለም መርጦ መጽናት፣ ቀስተ ደመናውን ለሱቅ መስኮት መተው የእኔ ምርጫ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ ቀልድ የለበትም። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን በተላለፈ አንድ የፖኬሞን ክፍል ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሴኮንድ አሥራ ሁለት ጊዜ ገደማ እየተፈራረቀ ለጥቂት ሴኮንዶች ታየ፤ ከስድስት መቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ። በብልጭታ የሚነሣ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ እንዳለባቸው የሚያውቁት ሲነሣባቸው ነው። የተለመደው የጥንቃቄ ገደብ በሴኮንድ ከሦስት ብልጭታ አለመብለጥ ነው። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በሴኮንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ይመታል፤ ዋናውን ምት ብቻ የሚከተል መብራት ከገደቡ በታች ይቆያል። የሚያልፈው ለእያንዳንዱ ጽናጽልና ለእያንዳንዱ ጭብጨባ ክፍሉን በሙሉ የሚያበራው ነው። ስለዚህ ትልቁን ብርሃን በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ በላይ አያብሩት፤ ፈጣኑን ለትንሽ ጠርዝ ይተዉት፤ ደማቅ ቀይን አያፈራርቁ። ድግስ ካለዎት ብልጭ የሚል መብራት እንዳለ በሩ ላይ ይጻፉ። ማጥፊያውንም ማንም ሰው በጨለማ ዳብሶ የሚያገኘው ቦታ ላይ ያድርጉት።